ሁለት ሁለተኛ

መንዝ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

…ካርዱን ስሰጥሽ ጣትሽ ላይ ቀለም ነበረ። ወዲያው አልተቀበልሽኝም፤ መጀመሪያ ጣትሽን በቀሚስሽ ጠረግሽ፣ ከዚያ ተቀብለሽ ገልብጠሽ ጀርባውን አየሽ። ከስድሳ ሁለት ተማሪ አሥራ ሰባተኛ። ያኔ ምን እንዳልሽኝ አላስታውስም። እኔ ምን እንዳልኩሽ ግን… እሱንም ልተወው። ሰላምታ ሳላቀርብ ወረቀቱን ጀመርኩት፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ።

የወንድሜ ልጅ እየሩስ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ አጎትሽ፣ ባለቤቴ አየለች፣ ልጃችን እስከዳርና ባሏ ምንተስኖት እንደ ወቅቱ ደህና ነን። እናትሽ ጠጄም ፋሲካን አብራን ውላ በደህና ተመልሳለች። እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ትቅደም።

ገንዘብ ልጠይቅሽ አይደለም። ጠጄ እንዳጫወተችኝ፣ እዚያ ሐምቡርግ ሥራሽ በስልክ ሰው እየጠየቁ የትኛው መኪና ቶሎ እንደሚበላሽ፣ የትኛው እንደማይበላሽ ተራ ማውጣት ነው። ስሰማ ሳቅሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ለልጆች ተራ አወጣሁ፣ አንቺ ደግሞ ለመኪና።

እድራችን መኪና ሊገዛ ነው። ለድንኳን ማመላለሻ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ሰውና ምጥ የያዛት ሴት መሐል ሜዳ ሆስፒታል እንዲያደርስ ነው። ምንተስኖት ይነዳዋል። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ነጋዴ ሁለት አሮጌ ደብል ጋቢና አሳይቶናል። ዋጋቸውም ዕድሜያቸውም እኩል ነው፤ የወጡበት ፋብሪካ ግን ይለያያል። የፋብሪካዎቹን ስም በጠራን ቁጥር ምላሳችን እየተሳሰረ ሰው ስለሚስቅ፣ እንደ ፈረስ በመልካቸው ስም አወጣንላቸው። ቡናማዋ ዳማ፣ ነጯ አምባላይ። እውነተኛ ስማቸውን በብጣሽ ወረቀት አያይዤልሻለሁ።

እስከዳር አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የምትወልደው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ። የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነውን ታውቂያለሽ። የተከራየነው መኪና ቁልቁለቱ ላይ ቆመ፤ ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ልጁ ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እስከዳር መኪና ውስጥ ስትቀመጥ እግሯን ወለሉ ላይ አታሳርፍም። ከፍ አድርጋ ይዛ ትጓዛለች፤ ሸክሙን የምታቀልለት ይመስል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ላኪልኝ። ከአንደኛው እስከ መጨረሻው።

አጎትሽ አባይነህ

*

ሐምቡርግ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ አባይነህ፣

ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር። ጤናዎን፣ የእትዬ አየለችን ወገብ፣ የእስከዳርን ሆድ፣ ሁሉንም የሰማይ አምላክ በእጁ ይያዝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ብርሃኑ ረዝሟል፤ ከሥራ ስወጣ ፀሐይ አለች፣ ቤቴ ስደርስም አለች፣ ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

ዝርዝሩ ይኸውና። ሃያ ሁለት ፋብሪካዎች ናቸው፤ ከ1 እስከ 22 በተራቸው ጽፌያቸዋለሁ። ሁለቱም መኪኖቻችሁ አሉበት።

ስለ ዝርዝሩ ልጨምርልዎ የፈለግሁት ነገር ነበረ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። ረዘመብኝ። ደግሞ እርስዎ ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ መልሴን «ግን» ብዬ መጀመር አልፈለግሁም።

ካርዴን ሲሰጡኝ ያሉኝን አልረሳሁም። ልተወው ካሉ እኔም ትቼዋለሁ።

ያን ጊዜ እስከዳር ላይ ያ ሁሉ ሲደርስ አንድ መስመር አልጻፍኩላትም። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠፋኝ። በእኔ ስም ግንባሯን ይሳሙልኝ።

እየሩስ

*

መንዝ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ደብዳቤሽ በሰኔ ሚካኤል ዕለት ደረሰኝ። ሁላችንም ከነከብታችን ደህና ነን፤ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። ያንቺንም ቀን ፈጣሪ ያሳምርልሽ።

መኪናዋን ገዛን። አምባላይዋን።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ዝርዝርሽን በአማርኛ ፊደል ገልብጬ ለመሪጌታ ባስልዮስ ሰጠኋቸው። ስብሰባችን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ስለሆነ፣ በትልቅ ወረቀት ጽፈውልን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፈው ነው። መሪጌታን ታውቂያቸዋለሽ፤ የብራና ጸሐፊ ናቸው። «እዚህ ግድግዳ ላይ የፈረንጅ ቁጥር አይወጣም» ብለው ቁጥሩን ሁሉ በግዕዝ አደረጉት። እንደ ብራናም በሁለት ዓምድ ጻፉት፤ አሥራ አንዱ በግራ፣ አሥራ አንዱ በቀኝ። በራሱ ላይ በቀይ ቀለም «የመኪኖች የታማኝነት ተራ» የሚል አርእስት አወጡለት።

ይህን ሳነብ ጌታነሽ ብድግ አለች። ያቺ ምላሷ የማያርፈው።

«ኪዳነ! ታማኝ ካገኘንማ አንተን ከገንዘብ ያዥነት ልናወርድህ ነው!»

«እሷ ናፍጣ ነው የምትጠጣው፣ እኔ ጠላ» አላት ኪዳነ። «እኔ እረክስላችኋለሁ።»

ሰው ሳቀ። መሪጌታ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ዳማዋ ስንተኛ ናት?»

«አምስተኛ።»

«አምባላይዋስ?»

በቀኙ ዓምድ ራስ ላይ አገኘኋት፤ አጠገቧ ፪ ይላል። «ሁለተኛ» አልኩ።

«መምህር፣ ቅድም ሁለተኛ ብለው ሌላ አነበቡልን እኮ» አለችኝ ጌታነሽ።

«እኩል ነጥብ አምጥተው ነው። ክፍል ውስጥም ያጋጥማል፤ ሁለት ሁለተኛ።»

«መኪናም ይኮራረጃል በሉኛ!»

እጅ ወጣ፣ አምባላይ አለፈች። በሳምንቱ ምንተስኖት ከደብረ ብርሃን ይዟት መጣ። እስከዳር ወጥታ በእጇ ዳበሰቻት፣ ዞረቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ሁለተኛ ናት አይደል?»

«ሁለተኛ» አልኳት።

ገብታ ተቀመጠች። እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። አየሁ። ምንተስኖትም አየ። ሁለታችንም ሌላ ሌላ ነገር ስናይ እንደነበር ሁሉ ዞር አልን።

ደህና እንቅልፍ እየተኛሁ ነው። ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት።

አባይነህ

*

ሐምቡርግ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ምሕረቱ ከደጃችሁ አይራቅ። ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ፤ ቸኩያለሁ። ስልኩን አሥራ አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አይገባም።

በላክሁልዎ ዝርዝር ላይ ሁለት ሁለተኛ የለም።

ዳማዋ አምስተኛ ናት፣ እሱ ልክ ነው። አምባላይ ያላችኋት ግን አሥራ ሁለተኛ ናት። እንዴት ሁለተኛ እንደሆነች አላውቅም። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነበር ያነበብኩት፤ መውረጃዬን አለፍኩ፣ ቀጥሎ ያለውንም አለፍኩ።

እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች ብለው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት።

ያን ጊዜ የቀደድኩትን አሁን ልጻፍልዎ። ጠዋት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት መኪናዎ ችግር ገጥሟት ነበር?» እላለሁ። ፍሬን እንቢ ካለ አንድ ምልክት አደርጋለሁ። ሬዲዮው ከስልክ ጋር አልገናኝ ካለም አንድ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለቱ እኩል ናቸው። የምጠይቅባቸው መኪኖች የሦስት ዓመት ናቸው፤ የእናንተዋ የአሥራ ስምንት። እነዚያ ጭቃ አያውቁም። ደግሞ ትንሿ የከተማ መኪናና ትልቋ የጭነት መኪና ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ በአንድ ስም ይደመራሉ፤ የአንድ ቤት ልጅ ሁሉ ጠባዩ አንድ እንደሆነ ሁሉ።

በሁለተኛዋና በአሥራ ሁለተኛዋ መካከል ስንት እንዳለ ልንገርዎ? ከመቶ መኪና ሁለተኛዋ ሃያ አንድ ምልክት አላት፤ አሥራ ሁለተኛዋ ሃያ ስድስት። አምስት ምልክት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ሬዲዮ ነው።

ይህን ስጽፍልዎ እንዲቀልዎ ብዬ ነው፤ ግን መጨረስ አለብኝ። የመጨረሻዎቹ ሦስት በየዓመቱ እዚያው መጨረሻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹም ብዙ አይናወጡም። ስለዚህ ዝርዝሩ ምንም አያውቅም ማለት አልችልም። የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሌላም አለ። አምና ለአንድ ሽማግሌ ደወልኩ። ስለ ፍሬኑ ስጠይቃቸው ስለ ሚስታቸው ነገሩኝ፤ መኪናውን ስታቆም ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ትነፋ እንደነበር፣ አሁን ግቢው ጸጥ እንዳለ። ጥያቄው ሠላሳ ስምንት ነው፤ እኛ ስድስተኛው ላይ ነበርን። የተሰጠኝ ሰዓት አለቀ። የቀሩትን ሠላሳ ሁለት ራሴ «ችግር የለም» ብዬ ሞላኋቸው። መኪናቸው ከአምባላይ ፋብሪካ የወጣች ነበረች። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛም ላትሆን ትችላለች። አሥራ ሦስተኛ ሆና ሳለ አሥራ ሁለተኛ ያደረግኋት እኔ ልሆን እችላለሁ።

«ከአሥራ ሰባተኛ ሰው አይወጣም» ነበር ያሉኝ ያን ቀን። ያነሳሁት ለመክሰስ አይደለም። ተራ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ሳስብ እሱ ላይ ስለምደርስ ነው።

ለእስከዳር ይንገሯት አይንገሯት፣ እኔ እንጃ። ግን መኪናዋን እጁ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩልኝ። ዛሬውኑ። ደብዳቤው መቼ እንደሚደርስ ባላውቅም፣ በደረሰበት ቀን።

እየሩስ

*

መንዝ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ ልጄ፣ የፍልሰታው ጾም በሰላም ተፈታ፣ ክረምቱም ሊያልፍልን ነው። ያለሽበት አገር ብርዱ ሳይጀምር ቸሩ አምላክ በጤና ያቆይሽ።

ደብዳቤሽ ነሐሴ 20 ቀን ደረሰኝ። ወር ከሦስት ቀን። አመጣጡን አልጠይቅም፤ መድረሱ ይበቃል።

ቀጥታ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱ ላይ ተጠጋሁ። ሰም ነው። መሪጌታ በጧፍ ብርሃን ሲጽፉ አንዲት ጠብታ ወርዳ ፲ን ሸፍናታለች፤ ፪ ብቻዋን ቀርታለች። የቀኙ ዓምድ የሚጀምረው በአሥራ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ከወዲያ አንደኛው፣ ከወዲህ እሷ፣ ጎን ለጎን ናቸው፤ ፩ እና ፪። ዓይን ሳይጠራጠር ያልፋል። በጥፍሬ ፋቅኋት። ፲ ብቅ አለች፣ እንደ ትናንት የተጻፈች ጥቁር።

ሁለት ሁለተኛ ካለ ሦስተኛ አይኖርም። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሕግ ካርድ ሞልቻለሁ። ሦስተኛው ግን እዚያው ግድግዳ ላይ ነበረ፣ በግራው ዓምድ ሦስተኛ መስመር ላይ። ዝርዝርሽን በእጄ ገልብጬዋለሁ፣ ያን ቀንም በአፌ አንብቤዋለሁ። አላየሁትም። ማየት አልፈለግሁም መሰለኝ።

መሪጌታን ጠርቼ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ቀለሙ የእኔ ነው፣ ሰሙም የእኔ ነው» አሉኝ። «እኩል ወጡ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት።»



ምንተስኖትን በረት አጠገብ አግኝቼ ነገርኩት። በጎቹን መቁጠር ጀመረ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። ከዚያ «ለእሷ እንዳይነግሯት» አለኝ። እኔም ወደ ደጀ ሰላሙ ተመልሼ ያደረግሁትን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ጧፍ አበራሁና በፋቅሁት ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ሰም አንጠባጠብኩ። እስክትወልድ ድረስ ብዬ። ጧፉን ቶሎ ስላላቀናሁት ሁለት ጠብታ ሆነ።

በማግስቱ መኪናዋን መሐል ሜዳ ወሰድናት፣ አፈወርቅ ለሚባል መካኒክ። ወዛም ሰው ነው፤ ከመኪና ሥር ሆኖ ነው ሰላም የሚልሽ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም» አልኩት። «አሥራ ሁለተኛ ሆና ተገኘች።»

ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምንተስኖትን አየው። «መምህር ታመዋል እንዴ?»

ምንተስኖት ነገሩን አስረዳው።

«ከስንት ነው አሥራ ሁለተኛ?»

«ከሃያ ሁለት።»

«ታዲያ አልወደቀችም እኮ!» ክዳኗን ከፈተ። «አንደኛ የወጣችውስ የማን ናት?»

ስሟን ነገርኩት። ዞሮ አየኝ። እሱም ያውቃል። እየሩስ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የዛሬ ሁለት ዓመት ቁልቁለቱ ላይ የቆመችብን የዚያ ፋብሪካ መኪና ነበረች። ዝርዝርሽን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ምንተስኖትም አውቆ ዝም ብሎኛል። አንደኛዋን እንዲህ ካየን ሁለተኛዋን ምን ብለን አመንን? አላውቅም። ሰው የተጻፈ ነገር ይፈልጋል።

«ያቺን እኮ የከፈትኳት እኔ ነኝ» አለኝ አፈወርቅ። «ጠብታ ዘይት አልነበራትም። አንደኛ ብትወጣም ዘይት ትጠጣለች፣ መምህር። ነጂው ከገዛት ጀምሮ ክዳኗን አላነሳም፤ 'የእሷ ዘር አይበላሽም' ይል ነበር።»

ከዚያ ወደ አምባላይ ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። የመካኒክ ዝምታ ከሐኪም ዝምታ አይሻልም። አንድ የተሰነጣጠቀ ጎማ መሰል ቀበቶ በጣቱ ጎትቶ አሳየን፤ ቺንጋ ይሉታል፣ ሞተሩ እንዳይግል ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው እሱ ነው።

«ይቺ መስቀልን አትደርስም ነበር» አለ። «ዳገት መሃል ትበጠስባችኋለች።»

ቺንጋውን ለወጠ፣ ፍሬን ሸራውን ለወጠ፣ ዘይቱን አፍስሶ አዲስ ሞላ። የሁሉም ዕቃ ደብረ ብርሃን በየሱቁ ይገኛል አለን፤ ከጠፋም ራሱ ቀጥቅጦ እንደሚሠራው። ስንመለስ መንገዱ አጋማሽ ላይ ምንተስኖት ድንገት «ሁለተኛ ብትሆን ኖሮ ለማሳየት አንመጣም ነበር» አለ። እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነበር።

ካርድሽን በሰጠሁሽ ቀን ያልኩሽን አላስታውስም ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። አስታውሳለሁ። ሰባተኛ በወጣችውና በአንቺ መካከል የነበረው ስድስት ነጥብ ነው። ከስድስቱ አራቱን በእጅ ጽሑፍሽ የቀነስኩብሽ እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን በቀለም ስላበላሸሽው። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እስከዳር ደህና ናት። ሁለት ሳምንት ቀራት ይላሉ። የመኪናዋን ተራ ግን አልነገርኳትም።

አጎትሽ

*

ሐምቡርግ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ዘመኑን ዘመነ ሰላም ያድርግልን። የሐምሌውን ደብዳቤ ከላክሁ ወዲህ ከእናንተ ምንም አልሰማሁም።

ስለ ሽማግሌው ለአለቃዬ ነገርኩት። የሠላሳ ሁለቱን ጥያቄ። ሳቀ። አንድ ሰው ተራውን አይለውጠውም አለኝ፤ ሺዎች ናቸው አለኝ። መልሳቸውን ከመዝገቡ አወጣው። አምባላይ አሥራ ሁለተኛ እንደሆነች ቀረች። ሊቀለኝ ይገባ ነበር። ቁጥሩ ውስጥ እንደሌሉ ያህል ሆኑ እንጂ፣ ሽማግሌው።

ትናንት አንዲት ሴት ደወልኩላቸው። «ችግር ገጥሟት ነበር?» ስላቸው «በፍጹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። በጀርመንኛ እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አይገጥመኝም። ብዙ አመሰገንኳቸው፤ ደነገጡ።

ዝርዝር አልጠየቅሁም፣ ምንም አልጠየቅሁም። አንድ ቃል ይላኩልኝ።

እየሩስ

*

መሐል ሜዳ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

እየሩስ፣ ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሰላምታውን ወደ ኋላ አድርጌ ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ነው። አሁን፣ ልጄ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ፤ ደስታችንን በሩቅ ያካፍልሽ።

የምጽፍልሽ ሆስፒታሉ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን ነርሷ ጥሩሸዋ ሰጠችኝ፤ በጀርባው የክትባት ቀን የተጻፈበት ነው፣ እሱን አትይ።

ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምጡ መጣ። ጉም ነበረ፤ ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ አይታይም። እስከዳርና አየለች ከኋላ፣ እኔ ከፊት ከምንተስኖት ጎን። እኔ የምሰማው ሞተሩን ብቻ ነበር። ድምፁ በተለወጠ ቁጥር ወደ ምንተስኖት እዞራለሁ። የጓሳውን ሜዳ አልፈን ወደ ታች መውረድ ስንጀምር ከመሪው በስተጀርባ አንዲት ቀይ መብራት በራች። ምንተስኖት አያት፣ አየሁት። ከኪሱ ፕላስተር አውጥቶ ለጠፈባት።

«ምንድን ነው?» አለች እስከዳር ከኋላ።

«ሬዲዮ ነው» አላት።

መኪናዋ ሬዲዮ የላትም።  ኋላ አፈወርቅ ሲያያት መብራቷ ራሷ ናት የተበላሸችው፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው አለን። በእናንተ ቁጥር ይኼ አንድ ምልክት ነው፤ ጻፊው።

ቁልቁለቱን አለፍን። ያን ቦታ። አየለች ከኋላ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ከዚያ ወንዙን ተሻግረን ጭቃ ያዘን። የመኪናዋ ጥፋት አይደለም፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ገበያ የሚሄድ ሰው ደርሶ ከበበን፣ ከመካከላቸው ጌታነሽ፣ ሁለት ዶሮ በእጇ አንጠልጥላ።

«ሁለተኛ ናት አላላችሁም እንዴ! ሁለተኛ ሆና ጭቃ ትፈራለች?»

አፌ ላይ መጣ። አሥራ ሁለተኛ ናት ልል። ዋጥኩት። ጌታነሽ ዶሮዎቹን ለአየለች አቀበለቻትና ቀሚሷን ሰብስባ ልትገፋ ከመኪናዋ ኋላ ጭቃው ውስጥ ገባች። አሥራ አምስት ሰው ያህል ገፋን። እኔም ገፋሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ። እስከዳር ከውስጥ ስትጮኽ ሰማሁ፣ ከዚያ መኪናዋ ስትጮኽ ሰማሁ፣ ከዚያ ወጣች። እኔና ጌታነሽ በግንባራችን ተደፋን። ጌታነሽ ከጭቃው ቀና ሳትል «ወጣች! ወጣች!» ትላለች። ዶሮዎቹ ከእኛ ጋር ሆስፒታል ደረሱ፤ ዛሬ ጠዋት መጥታ ወሰደቻቸው፣ አንዷን ለአራስ ጥላ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወለደች። ከበሩ ወዲህ ሆነን ሰማነው። ምንተስኖት መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነበር፤ ምን እንደያዝኩ አላውቅም፣ ኋላ ሳይ የማላውቀው ሰው ጋቢ ነው፤ ለባለቤቱ መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ቀሎኛል፤ እንዲህ መቅለሉ ትንሽ ያስፈራኛል። እሑድ ደጀ ሰላም ሰሙን በሰው ፊት እፍቃለሁ። ለመሪጌታ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እኔም እቆማለሁ» ብለውኛል። ጌታነሽ የምትለውን እያሰብኩ ከአሁኑ አፍራለሁ። ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን ለእስከዳር መንገር ነበረብኝ። አሁን፣ ይህን ደብዳቤ አቋርጬ ገብቼ ነበር። ብቻዋን ነበረች። ልጅቷ ክንዷ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ ቀይ፣ ጥርስ የሌለው የእናቴ ፊት። አልጋው ግርጌ ቆምኩ። 

«ምነው አባባ?»

«መኪናዋ» አልኳት። «ሁለተኛ አይደለችም። አሥራ ሁለተኛ ናት።»

የልጅቷን መጠቅለያ በአገጯ በኩል አስተካከለች።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

አላየችኝም። ልጅቷን እያየች «ግድግዳው ላይ ሦስተኛም ነበረ እኮ» አለችኝ።

«ብርድ ይገባል፣ አባባ» አለች። «ሲወጡ በሩን ይዝጉት።»

ወጣሁ። ዘጋሁት።